ማቆሚያ ያለው የሕፃናት የአፍንጫ ስዋብ ከጥልቁ ስዋብና ከመምጠጫው ጋር ሲመዘን

ለመተንፈሻ አካላት ቫይረሶች ምርመራ ከትንንሽ ልጆች ናሙና ለመውሰድ ከሚቀርቡልን ዕቃዎች መካከል የምመርጠው፣ ዘንጉ ላይ የጥልቀት ማቆሚያ ያለውንና ናሙናውን ከአፍንጫው መካከለኛ ክፍል የሚወስደውን የሕፃናት ስዋብ (ንፍጥ የሚጠርግ ቀጭን ዘንግ) ነው። ምርመራው በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) የሚሠራ ከሆነና ልጁ በጠና ካልታመመ፣ በቂ ናሙና እየሰጠ ልጁን በዚህ መጠን የሚያሳርፍ ሌላ መሣሪያ አላየሁም። የቫይረሱን ፕሮቲን በሚፈልገው ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ላይ ግን ይህን ያህል አልተማመንበትም።

ከጫፉ ልጀምር። ተራው ስዋብ ጥጥ ወይም ሌላ ክር የተጠመጠመበት በመሆኑ ንፍጡን ወደ ውስጥ ስቦ ብዙውን እዚያው ያስቀረዋል። በዚህኛው ጫፍ ላይ ግን አጫጭር የናይለን ክሮች በኤሌክትሪክ ኃይል ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ሆነው ስለተተከሉ፣ ሲታይ ከፋይ ጨርቅ ይመስላል፤ ሕዋሳቱና ንፍጡም በክሮቹ መካከል ይያዙና ማጓጓዣው ፈሳሽ ውስጥ ሲገቡ ወዲያው ይለቀቃሉ። ይህ አሠራር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮፓን በተባለ የጣሊያን ኩባንያ አማካይነት ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን ዛሬ ሌሎችም ያመርቱታል። የእንጨት ዘንግ ያለው ወይም ጫፉ ከካልሲየም አልጂኔት (ከባሕር አረም የሚገኝ ክር) የተሠራ ስዋብ ግን አንዳንድ ቫይረሶችን ሊያዳክም ወይም የፒሲአር ምርመራውን ሊያውክ ስለሚችል፣ ዋጋው ቢረክስም ለዚህ ሥራ መገዛት የለበትም።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ማቆሚያው ነው። ጥልቁ ስዋብ ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ጆሮ ቀዳዳ ያለውን ርቀት ያህል ገብቶ የአፍንጫውን የኋላ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ መሄድ አለበት፤ ልጁ በዚያች ቅጽበት ራሱን ካወራጨ ባለሙያው ወይ ገና ሳይደርስ ያወጣዋል፣ ወይ ከሚገባው በላይ ይገፋዋል። ማቆሚያ ያለው ስዋብ በአፍንጫው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የጥልቀቱ ጥያቄ ያበቃለታል። እናት ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጀርባውን ደረቷ ላይ ታስደግፈዋለች፤ በአንድ እጇ ክንዶቹን አቅፋ በሌላው ግንባሩን ትይዛለች። ዘንጉ ወደ ላይ ወደ ዓይን አቅጣጫ ሳይሆን በአፍንጫው ወለል ላይ ከላንቃው ጋር ትይዩ ሆኖ ይገባል፤ ቀስ ብሎ ጥቂት ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከዚያም በዚያው ስዋብ በሁለተኛው ቀዳዳ ይደገማል። ልጁ ያለቅሳል፣ ነገር ግን ስዋቡ ሲወጣ ልቅሶው ቶሎ ይበርዳል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም፤ ባለፈው ምርመራ የተጎዳ ልጅ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር ፊቱን እናቱ ደረት ውስጥ ይቀብራል።

ከመምጠጫው ጋር ሲነጻጸርስ? ከአፍንጫው የኋላ ክፍል በቀጭን ቱቦ የሚመጠጠው ፈሳሽ፣ በተለይ የሕፃናትን ሳንባ ለሚያጠቃው ቫይረስ ለአርኤስቪ፣ ለረጅም ጊዜ ሌሎች ዘዴዎች የሚለኩበት ናሙና ሆኖ ቆይቷል፤ በሕዋስ የበለጸገም ነው። ይሁን እንጂ የመምጠጫ ማሽን፣ ቱቦና ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል፤ ጠብታዎችንም ወደ አየር ስለሚበትን የባለሙያውን ጥንቃቄ ያከብደዋል። ትንንሽ ልጆች በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ብዙ ቫይረስ ስለሚያወጡና ፒሲአር ጥቂቱንም አባዝቶ ስለሚያሳይ፣ በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ዕድሜ ይጠባል። የአንቲጅን ምርመራ ግን የማባዛት አቅም ስለሌለው የናሙናው ማነስ በቀጥታ ውጤቱ ላይ ይታያል። እዚያ ላይ የምርመራው አምራች የፈቀደውን የናሙና ዓይነት መከተል ግዴታ ነው። ጉሮሮን ብቻ መጥረግ ደግሞ ለአርኤስቪ ደካማ ምርጫ ነው፤ በአፍንጫው ላይ ሲጨመር ግን ሊጠቅም ይችላል።

መሣሪያው እንከን አለበት። ጫፉ ለአራስና ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ጠባብ አፍንጫ ሊሰፋ ስለሚችል፣ ለእነሱ የቀጭኑን ዘንግ ስዋብ እመርጣለሁ። ዘንጉ ማጓጓዣው ቱቦ ውስጥ ገብቶ የሚሰበርበት ምልክትም ከቱቦው ቁመት ጋር ካልተጣጣመ ክዳኑ በደንብ አይዘጋም፤ ናሙናውም በመንገድ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ስዋቡንና ቱቦውን ለየብቻ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ሰብሮ መሞከር አለበት። ፊቱ ላይ አደጋ ለደረሰበት፣ በቅርቡ አፍንጫው ላይ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ወይም ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ልጅ ደግሞ የትኛውም ስዋብ ያለ ሐኪም ውሳኔ መግባት የለበትም።

ከየትኛውም ስዋብ ሊጠበቅ የማይገባ ነገርም አለ። በሰባት አገሮች የተካሄደውና በ2019 ውጤቱ የታተመው ፐርች የተባለ የሕፃናት የሳንባ ምች ጥናት፣ ከታመሙት ጎን ለጎን የሳንባ ምች ከሌለባቸው ልጆችም ናሙና ወስዶ በእነርሱም አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ቫይረሶች አግኝቷል። አርኤስቪ ሲገኝ ለሕመሙ ምክንያት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ የተለመደው የጉንፋን ቫይረስ ራይኖቫይረስ ግን ልጁ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ሊታይ ስለሚችል፣ ውጤቱ ከልጁ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ መነበብ ይኖርበታል።

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ በ72 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ በ70 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ቀዝቃዛ ሣጥን የሌለው ክፍል፣ ስዋቡን ከመቀየሩ በፊት ገንዘቡን ለሣጥኑ ቢያውለው ይሻለዋል።