«ሙሉ የደራሲ ጥቅል» ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣችሁ ሁሉ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ «ሙሉ የደራሲ ጥቅል» እየተባለ ለሚሸጠው ነገር ብር ከመላካችሁ በፊት ውስጡን አንድ በአንድ ፈትሹት። ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ይህ ነው፦ «የዕድሜ ልክ» ስክሪቭነር (የመጽሐፍ መጻፊያ ፕሮግራም)፣ «ልዩ» የግዕዝ ፎንቶች፣ በሺህ የሚቆጠር ፒዲኤፍ፣ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) እና «የቅጂ መብት ምዝገባ»። ከእነዚህ የሚጠቅማችሁን ሁሉ ያለ ደላላ ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛውንም በነጻ። የቀረው ረቂቃችሁን የሚያበላሽ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ፎንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች አማርኛውን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ «ሰ»ን አያውቃትም፤ የሚያውቀው አንድ የላቲን ምልክት ነው፣ ፎንቱ ብቻ «ሰ» አስመስሎ ያሳየዋል። ቦታው ለፊደላችን ስለማይበቃም አንዳንዱ ፎንት ፊደሉን በሁለት ፋይል ይከፍለዋል፣ ሌላው ደግሞ የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ ያስቀምጣል። 300 ገጽ በዚህ ከጻፋችሁ በኋላ ፋይሉ ፎንቱ ወደሌለበት ማተሚያ ቤት ወይም አርታኢ ሲሄድ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። በስልክ አይነበብም። የገጸ ባሕርይዋን ስም በዩኒኮድ ኪቦርድ ጽፋችሁ ብትፈልጉ «የለም» ይላችኋል።

መፈተኛው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ አንቀጽ ምረጡና ፎንቱን ወደ «ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ ሲል» ቀይሩ። ሁለቱም በነጻ ይወርዳሉ፣ ለኅትመትም ያለ ክፍያ መጠቀም ይፈቀዳል። አማርኛው መልኩን ብቻ ቀይሮ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተለወጠ አሮጌው ዓይነት ነውና ሻጩ «ልዩ» ቢለውም አትንኩት።

በአሮጌ ፎንት አስቀድማችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ ግን ፎንቱን ከኮምፒውተራችሁ አታጥፉት። በመጀመሪያ ጽሑፉ በትክክል በሚታይበት ማሽን ላይ ሙሉውን ፒዲኤፍ አድርጉ፤ በኋላ የምታመሳክሩት ከዚህ ጋር ነው። ቀጥሎ ለዚያው ፎንት የተሠራ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፈልጉ፤ የእያንዳንዱ ፎንት አቀማመጥ የተለያየ ስለሆነ የአንዱ መቀየሪያ ለሌላው አይሆንም። ሙሉውን ከማስገባታችሁ በፊት ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ኋ፣ የትእምርተ ጥቅስ ምልክትና አራት ነጥብ ያሉበትን አንድ ገጽ ሞክሩ፤ ስሕተቱ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። በመሐል በእንግሊዝኛ የተጻፉ ቃላት ካሉም መቀየሪያው የግዕዝ ፊደል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በዎርድ የ«ፈልግና ተካ» ሳጥን ውስጥ በፎንት ስም እየፈለጋችሁ የአማርኛውን ክፍል ለይታችሁ ቀይሩ።

በዩኒኮድ ለመጻፍም የሚከፈል ነገር የለም። ኪይማን የሚባለው ኪቦርድ ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለአንድሮይድና ለአይፎን በነጻ ይጫናል፤ የጉግል የስልክ ኪቦርድ ጂቦርድም አማርኛ አለው። አንድ ልማድ ግን ከመጀመሪያው ያዙ፦ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አትሥሩት። «፡፡» ለዓይን «።» ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ በመስመር መጨረሻ ላይ ለሁለት ሊሰነጠቅም ይችላል። የተጻፈውን በ«ፈልግና ተካ» በአንድ ጊዜ ማረም ይቻላል። ፀሐይን አንዴ በ«ፀ» አንዴ በ«ጸ» የሚጽፍ ሰውም ሲፈልግ ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ ስለዚህ የገጸ ባሕርያቱንና የቦታዎቹን ስም አጻጻፍ በአንድ ገጽ ላይ ወስናችሁ አስቀምጡ። ይህን የሚወስንላችሁ «አውቶማቲክ የአማርኛ ማረሚያ» የለም፤ ምርጫው የደራሲው ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ስክሪቭነር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ችግሩ የሚሸጥላችሁ ያለ ፈቃድ የተሰበረ ቅጂ መሆኑ ነው። ትክክለኛው አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያዝ እንጂ ወርኃዊ ኪራይ ያለው አይደለም፤ ዋጋውም ለዊንዶውስ ወይም ለማክ ወደ 60 ዶላር ነው። ከሠሪው ድረ ገጽ የ30 ቀን መሞከሪያ በነጻ ይወርዳል፤ የሚቆጠረውም ፕሮግራሙን የከፈታችሁበት ቀን ብቻ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጽፍ ሰው 15 ሳምንት ይሠራበታል። ሠሪው የአንድሮይድ ስክሪቭነር አላወጣም፤ ስለዚህ «ለአንድሮይድ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚሰጣችሁ። የተሰበረው ቅጂ ሲጫን «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ካለ እዚያው አቁሙ። እንዲህ ያለ ፋይል ብዙ ጊዜ በብራውዘር ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃልና የኮምፒውተሩን የቴሌግራም መግቢያ የሚሰርቅ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል።

60 ዶላር ለብዙዎቻችን ብዙ ብር ነው፤ ካርዱም አይገኝም። ሊብረ ኦፊስ ራይተር የሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ግን ነጻ ነው፣ ለልብ ወለድም ይበቃል። ለምዕራፍ ርእስ «ሄዲንግ 1»፣ ለትዕይንት «ሄዲንግ 2» ስጡና ኤፍ5ን ተጫኑ። በሚከፈተው ናቪጌተር ላይ ምዕራፉን ይዛችሁ ብታንቀሳቅሱት በሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ሰዎች ስክሪቭነርን የሚገዙበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው። በትዕይንት፣ በገጸ ባሕርይና በቦታ ከፋፍሎ መያዝ ለሚፈልግ ለዊንዶውስ ዋይራይተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ጉግል ዶክስ ደግሞ የቀድሞ ቅጂዎችን ስለሚይዝ፣ ትላንት የሰረዛችሁት ክፍል ዛሬ ቢያስፈልጋችሁ ይመለሳል። ስክሪቭነርን በሕጋዊ መንገድ ከገዛችሁ ፕሮጀክቱን ጉግል ድራይቭ ላይ አስቀምጣችሁ አትሥሩበት። ፕሮጀክቱ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ስለሆነ እኩል ሳይመሳሰል ሲቀር ይበላሻል፤ ሠሪዎቹም ያስጠነቅቃሉ።

ፒዲኤፎቹ የሌሎች ደራስያን መጻሕፍት ናቸው፤ ያለ ፈቃዳቸው ተቀድተው የሚሸጡ። ነገ የእናንተም መጽሐፍ በዚያው ፎልደር ይገባል። ማንበብ ለሚፈልግ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) በሩ ክፍት ነው።

አሁን ደግሞ ቁጥሩ። አይኤስቢኤን የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ነው እንጂ መብት አይሰጥም። በኢትዮጵያ የሚሰጠው ወመዘክር ነው፤ ደራሲው ራሱ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። በሻጩ ስም የወጣ ቁጥር መጽሐፉ ላይ ከታተመ በመዝገብ አሳታሚ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። የተሰጣችሁን ቁጥር በወረቀት ፈትሹት፦ ከ13ቱ አኃዞች 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን እያላችሁ እስከ 13ኛው እንዳሉ ውሰዱ፤ 2ኛውን፣ 4ኛውን እስከ 12ኛው እያንዳንዱን በ3 አባዙ፤ ሁሉንም ደምሩ። ድምሩ በ0 ካላለቀ ቁጥሩ የውሸት ነው። በ0 ቢያልቅም ከሌላ መጽሐፍ የተቀዳ ሊሆን ስለሚችል የሰጪውን ማረጋገጫ ጠይቁ። ለወረቀቱና ለኤሌክትሮኒክሱ እትምም ቁጥሩ የተለያየ መሆን አለበት።

አሜሪካ ያላችሁ ቁጥሩን የምትገዙት ባውከር ከሚባለው ድርጅት ነው፤ ካናዳ ያላችሁ ደግሞ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በነጻ ታገኛላችሁ። በአማዞን ኬዲፒ (ደራሲው ራሱ መጽሐፉን በሚያሳትምበት አገልግሎት) ለማሳተም ያሰባችሁ ለማንም «አስገቢ» ከመክፈላችሁ በፊት ኬዲፒ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ከፍታችሁ አማርኛ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

«የቅጂ መብት ምዝገባ» የሚለውም የማያስፈልግ ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ወጥ ሆኖ በጽሑፍ ከሰፈረ ጥበቃው ሳይመዘገብ ይጀምራል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ማስረጃ እንዲሆናችሁ መመዝገብ ብትፈልጉ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ራሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ከሁሉ በላይ «እናስመዝግብላችሁ» ለሚል ሰው ሙሉ ረቂቃችሁን በቴሌግራም አትላኩ።

የተሰበረውን ቅጂ ከፍላችሁ የጫናችሁ ካላችሁ ማሽኑን ከኢንተርኔት አላቅቁ። የጽሑፍ ፋይሎቹን ብቻ ወደ ፍላሽ ቅዱ፤ የመጫኛ ፋይል አትቅዱ። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢሜይላችሁን የይለፍ ቃል ቀይሩ፣ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ካለው የመሣሪያዎች ዝርዝርም ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭናችሁ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ሳትፈትሹ አትክፈቱት። የቴሌብር ደረሰኙንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን አትሰርዙ፤ ለፖሊስ የምታቀርቡት እሱን ነው።