አዲሱ የደንበኛ መመዝገቢያ ሲስተም፦ ሁሉም በአንድ ቀን ይጀምር ወይስ አንድ ቡድን ይቅደም?

የሽያጭ ሠራተኛ ደንበኞቹን የሚይዘው በደብተሩ፣ በስልኩና በቴሌግራም ነው። እንደ ኦዱ ወይም ዞሆ ያለ የደንበኛ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሲመጣ «ደንበኞቼን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ይሰጋል። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከእነዚሁ ደንበኞች ስለሆነ አይፈረድበትም።

ወጪ፦ በአንድ ቀን ከሆነ የሁሉም ክፍያና ሥልጠና አንዴ ይመጣል። በቡድን ከሆነ ለአራት አምስት ሰው ብቻ ነው፤ የኦዱ ኮሚዩኒቲ እትም ደግሞ የፈቃድ ክፍያ የለውም።

ቅለት፦ በአንድ ቀን መጀመር በድሮውም በአዲሱም፣ ሁለት ቦታ ከመመዝገብ ያድናል።

ስጋት፦ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሃያ ሳጥን ያለው ቅጽ በአንዴ ሁሉም ላይ ሲጫን ሠራተኛው ለይስሙላ ይሞላዋል፤ የስልክ ቁጥሩ ቦታ ላይ ዜሮ ይደረድራል። ትንሹ ቡድን ግን «ይሄኛው ምን ይሠራል?» እያለ ሳጥኖቹን ወደ ስድስት ያወርዳል፤ በኋላም ለባልደረባው የሚያሳየው ራሱ ነው። አለቃው ሪፖርት በኤክሴል መጠየቁን ካላቆመ ግን ሁለቱም አይሠሩም።

የድሮ ሲስተም ኖሮ የሚዘጋበት ቀን ከተቆረጠ፣ ወይም ሠራተኛው ከአሥር ካልበለጠ በአንድ ቀን ይሁን። ቅርንጫፉ ከበዛና ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ አንድ ቡድን ይቅደም።