ቲንክፓድ ቲ480 ከወራት በኋላ፦ መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪን ማቆየት

የምጠቀምበት ላፕቶፕ ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ከመስከረም ጀምሮ እየሠራሁበት እነሆ ግንቦት ደረሰ። ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ ብዙ ተብሏል፤ ለቢሮ ሥራ ከበቂ በላይ ነው፤ ኪቦርዱም ጣት አያደክምም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ባትሪው ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተምራለሁ። ፈተና አዘጋጃለሁ፣ ውጤት እመዘግባለሁ፣ ማታ ደግሞ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ ለሰው እተይባለሁ። መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ እንደሚችል እያወቁ የሚሠራ ሥራ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ አይሻልም።

ሞዴሉ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። እንድመርጠው ያደረገኝ ሁለት ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ውስጥ የተገጠመ ነው፤ 24 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ይይዛል። ሌላው ከሥር በኩል የሚነቀል ሲሆን በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት ሰዓት ይገኛል። የእኔ ባለ 48ቱ ነው። ሥራ ላይ ስትሆኑ ቀድሞ የሚያልቀው ተነቃዩ ነው። እሱ ሲያልቅ ላፕቶፑን ገልብጣችሁ፣ ሁለቱን መያዣዎች ገፋ አድርጋችሁ ትነቅሉታላችሁ። ማሽኑ አይጠፋም፤ የከፈታችሁት ፋይልም እንዳለ ይቆያል። የውስጠኛው ባትሪ ተሸክሞት ሳለ የተሞላ ሌላ ባትሪ ቀጭ አድርጋችሁ ትተካላችሁ። ባለ 72ቱ ረጅም ሰዓት ይሄዳል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ ከሥር ወጣ ብሎ ላፕቶፑን ከኋላ ያነሣዋል፤ ክብደትም ይጨምራል። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ባለ 48ቱ ይበቃል ባይ ነኝ።

ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ «ባትሪው አራት ሰዓት ይሄዳል» የሚለውን የሻጭ ቃል ይዛችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ። ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ ከፍታችሁ powercfg /batteryreport ብላችሁ ስታዙት አንድ ገጽ ያዘጋጅላችኋል። እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ፤ ባትሪው ሲመረት እንዲይዝ የታሰበው መጠንና አሁን ሲሞላ በትክክል የሚይዘው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የባትሪው ዕድሜ ነው። የእኔ ተነቃይ ስገዛው 41 ዋት ሰዓት ግድም ይይዝ ነበር፤ ሰሞኑን ሳየው 39 ነው። የውስጠኛው እምብዛም አልቀነሰም። በየቀኑ ለሚለፋ ያገለገለ ባትሪ ይህ እጅግ ጥሩ ነው፤ ያገኘሁትም በእንክብካቤ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዛሬ ላፕቶፖች የሚይዙትን ሊቲየም አዮን ባትሪ በዋናነት የሚያስረጁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጢም ብሎ ሞልቶ መቆየትና ሙቀት። ውስጡ ያለ አንድ ሴል አብዛኛውን ጊዜ ሲሞላ ወደ 4.2 ቮልት ይደርሳል። እዚያ ላይ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ይበላሻል፤ ኃይል የሚያመላልሰው ሊቲየምም እየቀነሰ ይሄዳል። ሙቀት ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፋጠናል። ሞልቶ የሚሞቅ ባትሪ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ከበሮ ነው፤ መጀመሪያውንም የተወጠረው ቆዳ ደግሞ ይወጠራል። ባትሪ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ድረ ገጽ ያወጣው ሰንጠረዥ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። 40 በመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ 96 በመቶ አቅሙን ይዞ ይቆያል። ያው ባትሪ 100 በመቶ ተሞልቶ ከተቀመጠ ወደ 80 ይወርዳል። ሞልቶ በ40 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 65 ብቻ ይቀረዋል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ምንም ሳይሠራበት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ሌኖቮ ቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም ከፍቼ ገደብ ማበጀት ነበር። ከ75 በመቶ ሲወርድ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል፤ 80 ሲደርስ ያቆማል። ለሁለቱ ባትሪዎች ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። አንድ ተማሪዬ ይህን አይቶ ደንግጦ «ቲቸር፣ ቻርጀርዎ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ተሰክቶ 79 ላይ ቆመ እኮ» ብሎኛል። አልተበላሸም፤ የፈለግሁት እሱን ነው። ሌላ ላፕቶፕ ያላችሁም ተመሳሳይ ማስተካከያ ልታገኙ ትችላላችሁ። አሱስ ማይአሱስ በሚባለው ፕሮግራሙ፣ ዴል ደግሞ ባዮሱ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ) አስቀምጦታል።

እዚህ ላይ ግን የኛ ነገር ይመጣል። «80 ላይ አቁሙ» የሚለው ምክር ሶኬቱ ሁልጊዜ መብራት ላለው ሰው ቀላል ነው። እኛ ጋ ያቺ የቀረችው 20 በመቶ ማታ ፈተና አስጨርሳ የምታሳድር ናት። እኔ ያገኘሁት መላ ይህ ነው። የውስጠኛውን ባትሪ ገደብ አልነካም፤ ምክንያቱም እሱን ለመቀየር ማሽኑን መፍታት ያስፈልጋል። ተነቃዩን ግን ፈተና ሲደርስ፣ መብራት መጥፋት ሲደጋግም ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ ገደቡን አንሥቼ 100 አደርሰዋለሁ። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሥራ ላይ የሚውል ባትሪ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ሞልቶ፣ ተሰክቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ የሚከርመው ነው። ለዚያውም ተነቃዩ ቢያረጅ በሌላ መተካት ይቻላል። ላፕቶፕ አላቂ ዕቃ ነው፤ ሥራ እንዲያሠራን ነው የገዛነው። ባትሪው እንዳይጎዳ ብሎ ሥራን ማሳደር ትክክል አይመስለኝም።

«ዜሮ ሳይገባ አትሰካው» የሚሉ ሰዎች አሁንም አሉ። ያ ለድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የተሰጠ ምክር ነበር። ሊቲየም አዮን በተቃራኒው እስከ መጨረሻ መራገፉን አይወድም። እኔ 20 ግድም ሲደርስ እሰካለሁ። መብራት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ 10 ላይ ሥራዬን ሴቭ አድርጌ ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ፤ ስሊፕ ላይ አልተወውም።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ላፕቶፑ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ የሚያስወጣው በግራ ጎኑ። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ላይ ስታስቀምጡት አፉን ዘጋችሁበት ማለት ነው። በበጋ ደግሞ አቧራው ማራገቢያውን ይሞላዋል፤ በየተወሰነ ጊዜ ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል። መንገድ ላይም ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ስወርድ ደጀንን አልፈን አባይ በረሃ ስንገባ የመኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ይሆናል። ቦርሳው ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ሳይሆን እግሬ ሥር ነው የሚቀመጠው።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ወዲያው ከሶኬቱ እነቅለዋለሁ። ሲመጣ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ትንሽ እስኪረጋ ጠብቄ እመልሰዋለሁ። ስታብላይዘር ያለው ሰው ይጠቀም። ባትሪው አብጦ ከሥር ከገፋ፣ ወይም የመዳፊቱ ሰሌዳ ከቦታው ብድግ ካለ ግን ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ። መጫንም መብሳትም አይገባም፤ ሊቃጠል ይችላል። የሚያውቅ ባለሙያ ያውጣው።

ሐምሌና ነሐሴን ገጠር ወላጆቼ ጋ ነው የማሳልፈው። ላፕቶፑ ቤት ይቀራል። 50 በመቶ ላይ አድርሼ አጠፋዋለሁ፤ ተነቃዩን ባትሪ አውጥቼ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ለየብቻ አስቀምጣቸዋለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነሐሴ ሲገባ መጠናቸውን አይቶ ከወረዱ ትንሽ እንዲሞላቸው ነግሬዋለሁ።