የራሳችንን መዝገብና ደመወዝ ራሳችን እንድንሠራ ላስተማሩን እትዬ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ሁለት ነገር አስቤ ነው። አንደኛው፣ መልካም የሠራ ሰው ሳይመሰገን ሲቀር ደስ አይለኝም። ሁለተኛው፣ እንደኛ ያለ ትንሽ የግንባታ ድርጅት የሚመሩ ወዳጆቼ በሒሳብ ጉዳይ እንቅልፍ ሲያጡ አያለሁ።

ድርጅታችን አዲስ አበባ ውስጥ የፊኒሺንግ ሥራ ይሠራል። ጂፕሰም፣ ቀለም፣ ሴራሚክ። ብዙ ጊዜ ከትልልቅ ተቋራጮች ሥር በሰብ ኮንትራት ነው የምንገባው። ቋሚ ሠራተኞቻችን ጥቂት ናቸው፤ ሥራ ሲበዛ የቀን ሠራተኛ እንጨምራለን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ስለሆንን ግን የግብር ከፋይ ደረጃችን «ሀ» ነው። ትንሽ ነን ብለን ከሙሉ የሒሳብ መዝገብ አናመልጥም።

በፊት መዝገባችን በውጭ ሰው እጅ ነበር። ደረሰኝ በፌስታል ሰብስበን እንሰጣለን፤ በወሩ መጨረሻ የምንከፍለው ይነገረናል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳን አልነበረም። ሰውየው ሥራ ሲቀይር ፋይሉም ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ሄደ። እትዬን ያገኘናቸው ያኔ ነው።

እትዬ የምላቸው ሠራተኞቻችንም እንደዚያ ስለሚጠሯቸው ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አከብርላቸዋለሁ። ብዙ ዓመት በኮንስትራክሽን ድርጅቶች ፋይናንስ ክፍል የሠሩ ሴት ናቸው። ገና ስንገናኝ «መዝገቡን እኔ ልይዝላችሁ እችላለሁ። ግን ልጄ፣ ገንዘቡ የናንተ ነው፤ እናንተ ብታውቁት ይሻላል» አሉኝ። ያሉትንም አደረጉት።

የጀመሩት ከደመወዝ ነው። ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ ዝርዝሩን፣ በኤክሴል ላይ ከባዶ አሠሩን። የተዘጋጀ ፋይል ሊሰጡን ይችሉ ነበር፤ አልሰጡንም። በወር 12,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ ወስደው በወረቀት አሰሉልን። በአሁኑ የግብር ሠንጠረዥ የሥራ ግብሩ 2,250 ብር ነው። ከሠራተኛው የሚቆረጠው ጡረታ 7 ከመቶ፣ 840 ብር። በእጁ የሚገባው 8,910 ይሆናል። ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ 11 ከመቶ ጡረታ ይጨምራል፤ 1,320 ብር። ስለዚህ ያ ሠራተኛ ለድርጅቱ የሚያስወጣው 13,320 ብር ነው እንጂ 12,000 አይደለም። ሥራ ስንጫረት የጉልበት ዋጋ የምናወጣው አሁን በዚህኛው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ያሳዩን ነገር ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በኛ ዘርፍ ባለሙያ ሲቀጠር የሚደራደረው በተጣራ ነው። «በእጄ 10,000 ካገኘሁ እሠራለሁ» ይላል። ይህ ቃል ለድርጅቱ ስንት እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ወደ ኋላ ሲሰላ ጠቅላላ ደመወዙ 13,730 ብር ገደማ ነው። የድርጅቱ ጡረታ ሲጨመር 15,240 አካባቢ ይደርሳል። እትዬ ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ሠርተው አልተዉንም። የተለያየ የተጣራ ደመወዝ እየሰጡ እኔንም የቢሮ ሠራተኛችንንም ደጋግመው አሠሩን። ዛሬ ከሰው ጋር ስደራደር ስልኬ ላይ ያለው ፋይል መልሱን ይሰጠኛል።

ትርፍ ሰዓትም እንደዚሁ። ደመወዙን ለ26 ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት አካፍሎ የሰዓቱን ዋጋ ማግኘት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ለሌሊቱ በ1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ ለበዓል ቀን በ2.5 ማባዛት። ርክክብ ሲደርስ ሳይት ላይ እሑድም ይሠራል፤ ይህ ቀመር ፋይሉ ውስጥ ከገባ ወዲህ በትርፍ ሰዓት ምክንያት ከሠራተኛ ጋር ክርክር የለም። ፎርማኑ አቴንዳንሱን በየቀኑ ያስፈርማል፣ እኛ እናስገባለን፣ በቃ።

ለሠራተኛው የደመወዝ መግለጫ ወረቀት እንድንሰጥ ያስገደዱንም እሳቸው ናቸው። አዎ፣ አስገደዱን። አንድ የሴራሚክ ባለሙያችን ጡረታ ተብሎ የሚቆረጥበት ገንዘብ ድርጅቱ ጋ የሚቀር ይመስለው ነበር። ወረቀቱን ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ። የሱን 7 ከመቶ፣ ድርጅቱ የጨመረለትን 11 ከመቶ፣ የገባበትን ደረሰኝ አንድ በአንድ አሳዩት። ይህ የውላቸው አካል አልነበረም። ስለ ሰውየው ግድ ስላላቸው ብቻ ነው ያደረጉት።

ከዚያ ወደ ክፍያ ሰርተፊኬት ገባን፤ ለሠራነው ሥራ ክፍያ የምንጠይቅበት ሰነድ ነው። ሥራው ተለክቶ 1,000,000 ብር ጸደቀ እንበል። ቫት 15 ከመቶ ይጨመርበታል፤ ያ 150,000 ብር የመንግሥት ነው። 5 ከመቶ ሪቴንሽን፣ ማለትም ለሥራው ጥራት መያዣ፣ ይያዛል፤ እሱ ደግሞ የኛ ነው፣ ግን የሚለቀቀው በኋላ ነው። የወሰድነው አድቫንስ (ቅድሚያ ክፍያ) ይቀነሳል። ዊዝሆልዲንግ፣ ከፋዩ ከኛ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር፣ ይቆረጣል። «ባንክ የገባው ሁሉ ገቢ አይደለም፣ ያልገባውም ሁሉ የጠፋ አይደለም» ይሉናል። ለእያንዳንዱ የየራሱን ሒሳብ ከፈቱልን። በተለይ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ላይ ጥብቅ ናቸው። ቀድሞ የተከፈለ ግብር ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ከ30 ከመቶው የትርፍ ግብር ላይ ይቀናነሳል፤ ደረሰኙ ከሌለ ግን ማን ያምንሃል? ለቫት፣ ለሥራ ግብርና ለጡረታ የሚሆነውን ገንዘብ ክፍያ በገባ ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ እንድናዛውር አደረጉን። የወሩ የግብር ማሳወቂያ ሲደርስ ገንዘቡ እዚያ ይጠብቀናል። ለኔ ከሁሉም ትልቁ እረፍት ይህ ነው።

የመርካቶን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ያለ ደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይቀንስልሃል፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እትዬ ቁጭ ብለው አስልተው አሳዩን። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በወጪነት አይያዝም፣ የከፈልከው ቫትም አይቀናነስልህም። ቅናሹ እዚያው ይበላል። አሁን ዕቃ ገዢያችን የድርጅቱ ቲን ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይዝ ከሱቅ አይወጣም።

ትምህርቱ መግባቱን ያወቅኩት በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያው፣ አዋጅ 1395፣ ሲወጣ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ 35 ከመቶ የሚጀምርበትም ከ10,900 ወደ 14,000 ተሻገረ። ሠንጠረዡን የቢሮ ሠራተኛችን ራሷ ቀየረችው። ለእትዬ ላክንላቸው፤ አይተው አንድም ነገር ሳይነኩ መለሱት። እሷን ግን ደውለው አመሰገኗት።

ለማን እንደምጠቁማቸው ግልጽ ላድርግ። ሠራተኛው ጥቂት ለሆነ፣ ኤክሴል ወይም ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ለመማር ፈቃደኛ ለሆነ ተቋራጭ ነው። መዝገቡን ጥሎላቸው መሄድ ለሚፈልግ አይሆኑም። ሁለት መዝገብ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለግብር፣ ለሚፈልግማ ጭራሽ አይሆኑም፤ በሩን ያሳዩታል። ሥርዓቱን ለማስተካከልና ለማስተማር አንድ ጊዜ ይከፈላቸዋል፤ ከዚያ በየወሩ ለሚያዩበት ትንሽ ክፍያ አላቸው። ዓመታዊውን ኦዲት እሳቸው አይሠሩም፤ ፈቃድ ያለው ኦዲተር ትይዛላችሁ። ኦዲተሩ ሲመጣ ግን የሚጠይቀው ሁሉ በየፋይሉ ተቀምጦ ያገኘዋል።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ያስተማሯት ልጅ ዛሬ አዲስ የመጣውን የሳይት ጸሐፊያችንን አቴንዳንስ አያያዝ እያስተማረችው ነው።

ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ከሐምሌ ጀምሮ ዓመታዊ ግብር እስከሚዘጋበት ጥቅምት 30 ድረስ አዲስ ሰው አይቀበሉም። ከኅዳር በኋላ ደውሉላቸው፤ ስትሄዱም የሦስት ወር ደረሰኝና የደመወዝ ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ።