የጎልፍ አንድ ለአንድ ውርርድ፦ የ72 ጉድጓድ፣ የአንድ ዙር ወይስ የሦስትዮሽ?

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ውርርድ ቤቶችም ሆነ በስልክ መተግበሪያዎች አብዛኛው ትኬት የሚቆረጠው በእግር ኳስ ነው። ጎልፍ ከዝርዝሩ ግርጌ ነው የሚገኘው፤ ጭራሹን የማያቀርቡ ቤቶችም አሉ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው «የውድድሩ አሸናፊ» ኦድ (ስታሸንፉ ያስያዛችሁት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) ነው። መቶና ከዚያ በላይ ተጫዋች ከሚሰለፍበት ሜዳ አንዱን ነጥሎ መያዝ ግን ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። የሚሻለው ከሥሩ ያለው የአንድ ለአንድ ገበያ ነው፤ ሁለት ተጫዋቾች ተጣምረው ይቀርባሉ፣ ኳሷን ባነሰ ምት ጨርሶ የገባው ያሸንፋል። ሌላው ተሰላፊ የፈለገውን ቢሠራ ትኬታችሁን አይነካውም።

ነገር ግን በዚህ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሸጡት ትኬቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የሙሉ ውድድሩ (72 ጉድጓድ) ነው፤ ሁለተኛው የአንድ ቀን ዙር (18 ጉድጓድ)፤ ሦስተኛው አብረው በሚጫወቱ ሦስት ሰዎች መካከል የሚደረገው፣ በዝርዝሩ ላይ «ስሪ ቦል» ተብሎ የሚጻፈው።

ልዩነታቸውን ለማየት ከጎልፍ አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነው የ2025 ማስተርስ ይበቃል። ሮሪ ማኪልሮይ በአራቱ ቀናት 72፣ 66፣ 66፣ 73 መታ። ጀስቲን ሮዝ ደግሞ 65፣ 71፣ 75፣ 66። ድምራቸው እኩል 277 ሆነና ማኪልሮይ በመጀመሪያው ተጨማሪ ጉድጓድ አሸነፈ። ተጨማሪውን ጉድጓድ በሚቆጥር ቤት፣ በማኪልሮይ የተቆረጠ የ72 ጉድጓድ ትኬት ገባ። የእሁዱን ዙር ብቻ ለይቶ ማኪልሮይን የያዘ ግን በሰባት ምት ተበላ፤ ያውም ሻምፒዮን በሆነው ሰው ላይ ተወራርዶ። ዙር በዙር ብትቆጥሩ ሁለት ለሁለት ናቸው።

የ72 ጉድጓድ ትኬት

በእኛ አመለካከት የተጫዋቾችን ብቃት ለሚከታተል ሰው የሚሻለው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ስሌት ነው። ጥሩ ባለሙያም ቢሆን ከቀን ወደ ቀን ውጤቱ በሦስት ምት ገደማ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። አንዱ ከሌላው በዙር በአማካይ ግማሽ ምት ይሻላል እንበል። በአንድ ዙር ይህ ብልጫ የማሸነፍ ዕድሉን፣ እኩል መውጣትን ትተን፣ ወደ 55 በመቶ ነው የሚያደርሰው። በአራት ዙር ግን ብልጫው ሁለት ምት ይሆናል፤ መዋዠቁ ግን በእጥፍ እንጂ በአራት እጥፍ አያድግም፤ ስለዚህ ዕድሉ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ሰውየውን ካወቃችሁት ረዘም ያለው ትኬት ዕውቀታችሁን ይከፍላል። ኦዱ ግን ይህንኑ አስቀድሞ ሊያካትት ይችላል፤ የአንድ ዙሩንና የ72ቱን ኦድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ።

በዚህ ትኬት ላይ ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ደንብ ባለማንበብ ነው። መጀመሪያ ካት የሚባለውን እወቁ፦ ከሁለት ዙር (36 ጉድጓድ) በኋላ የተወሰነ ቁጥር ያለው ተጫዋች ብቻ ወደ ቅዳሜና እሁድ ያልፋል። በፒጂኤ ቱር (በአሜሪካው የባለሙያዎች ጎልፍ ማኅበር) መደበኛ ውድድር የመጀመሪያዎቹ 65 እና ከእነሱ ጋር እኩል የሆኑት ያልፋሉ፤ በማስተርስ 50፣ በዩኤስ ኦፕን 60፣ በብሪቲሽ ኦፕንና በፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ 70። የያዛችሁት አልፎ ተጋጣሚው ከወደቀ ዓርብ ማታ ትኬታችሁ አሸንፏል። ሁለቱም ከወደቁ በ36ቱ ጉድጓድ ያነሰ ምት ያለው ያሸንፋል። ካት የሌላቸው ውድድሮችም አሉ፤ እዚያ ደካማ ዓርብ ያሳለፈ ተጫዋች የሚያስተካክልበት ሁለት ቀን ስለሚቀረው ኦዱን ስታነቡ ይህን አስቡ።

ሁለተኛው ማቋረጥ ነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ኳስ ሳይመታ ከቀረ ገንዘቡ ይመለሳል። ከመታ በኋላ ከወጣ በአብዛኛው ቤት ተሸናፊ ነው፣ የሚመለስ ነገር የለም። ታይገር ዉድስ በየካቲት 2024 በጄኔሲስ ኢንቪቴሽናል የመጀመሪያውን ዙር በ72 ጨርሶ፣ በማግስቱ ሁለተኛውን ዙር ጀምሮ ታሞ ወጣ። እሱን የያዘ የሁለተኛ ዙርም የሙሉ ውድድርም ትኬት በዚህ ደንብ አንድ ላይ ይበላል። ከጉዳት በተመለሰ ተጫዋች ላይ ረጅሙን ትኬት ስትቆርጡ የምትሸከሙት ተጨማሪ አደጋ ይኸው ነው።

የአንድ ዙር ትኬት፦ እኩል መውጣቱን ማን ይከፍላል?

እዚህ ትልቁ ጥያቄ እኩል መውጣት ነው። ተቀራራቢ ተጫዋቾች በ18 ጉድጓድ ከአሥር አንድ ጊዜ ገደማ እኩል ይጨርሳሉ፤ በ72 ጉድጓድ ይህ በግማሽ ይቀንሳል። ውርርዱ በሁለት መልክ ይሸጣል። ባለ ሁለት ምርጫው ሁለት ኦድ ብቻ አለው፤ እኩል ከወጡ ያስያዛችሁት ይመለሳል። ባለ ሦስት ምርጫው «እኩል» የሚል ሦስተኛ ኦድ ይጨምራል፤ እዚያ ተጫዋች ይዛችሁ እኩል ከወጡ ተበላችሁ።

ባለ ሦስቱ ከፍ ያለ ኦድ ስለሚያሳይ ብዙ ሰው ወደ እሱ ይሳባል። ቀላል መለኪያ አለ፦ በአንድ ዙር ትኬት ላይ ባለ ሦስቱ ከባለ ሁለቱ ቢያንስ በ0.20 መብለጥ አለበት፣ በ72 ጉድጓድ ደግሞ በ0.10 ገደማ። ባለ ሁለቱ 1.87 ሆኖ ባለ ሦስቱ 1.98 ከሆነ 1.87ቱን ውሰዱ፤ የ0.11 ጭማሪው እኩል ሲወጡ የምታጡትን አይሸፍንም። 2.10 ከደረሰ ባለ ሦስቱ ይሻላል።

ሌላው የአየር ሁኔታ ነው። ሐሙስና ዓርብ ግማሹ ተሰላፊ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይወጣል። አንዱ ነፋስ ሳይነሳ ዙሩን ጨርሶ ሌላው በነፋስ መሃል ሊጀምር ይችላል። የሁለቱን መነሻ ሰዓት ሳታዩ የአንድ ዙር ትኬት አትቁረጡ።

በፓት፣ ማለትም ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር («አረንጓዴው») ላይ ኳሷን አንከባልሎ በማስገባት፣ የተገኘ የአንድ ሳምንት ድንቅ ውጤትም አያታልላችሁ። ፒጂኤ ቱር የተጫዋቾችን ብልጫ ከመነሻ ምት፣ ወደ አረንጓዴው ከሚላከው ምት፣ ከአረንጓዴው ዙሪያና ከፓት ለይቶ ያወጣል። ከአራቱ ከሳምንት ሳምንት እጅግ የሚለዋወጠው ፓቱ ነው። በረጅም ምቶቹ የሚበልጠውን መያዝ ይሻላል።

የሦስትዮሹ

ጥቅሙ ሦስቱም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ነፋስ መጫወታቸው ነው። ጉዳቱ የቤቱ ድርሻ ከፍ ማለቱና የእኩል መውጣት ደንቡ ነው። ሁለቱ እኩል አንደኛ ከወጡ ያስያዛችሁት ለሁለት ይከፈላል፦ በ2.75 የተቆረጠ 100 ብር 50 ብር ብቻ ያሸነፈ ያህል ተቆጥሮ 137.50 ይከፍላል። ኦዱ ከ2.00 በታች ከሆነማ በእኩል ስትወጡም ትከስራላችሁ፤ በ1.80 የተቆረጠ 100 ብር 90 ሆኖ ይመለሳል። ይህ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሐሙስና ዓርብ ነው፤ ከካት በኋላ ተጫዋቾች በተለምዶ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ።

የቤቱን ድርሻ አስሉ

1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍላችሁ ደምሩ። 1.83 ለ1.83 ሲሆን 0.546 እና 0.546፣ ድምሩ 1.093፤ ከ1 በላይ ያለው 9.3 በመቶ የቤቱ ነው። 1.91 ለ1.91 ሲሆን 4.7 በመቶ ብቻ። በመጀመሪያው ላለመክሰር ከመቶ 54.6 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል፣ በሁለተኛው 52.4። የሦስትዮሹ 2.50፣ 2.75 እና 2.90 ሲደመር ድርሻው 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለአንድ ፍልሚያ ሁለት ቤት ማወዳደር ተጫዋች ከመተንተን ባላነሰ ይጠቅማል።

በከተማችን የለመድነው ብዙ ጨዋታ በአንድ ትኬት ማያያዝ እዚህ በጣም ይጎዳል። አራት የ1.83 ፍልሚያ ሲያያዝ ኦዱ 11.2 ይሆናል፤ ሁሉም እኩል ለእኩል ከሆኑ ፍትሐዊው 16 ነበር። ከያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ 30 ብር ለቤቱ ትታችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ነጠላ ትኬት ቁረጡ።

ከመቁረጣችሁ በፊት

ሰዓቱን አስተካክሉ። መተግበሪያው 15:00 ሲል ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በሚያዝያው ማስተርስ የመጀመሪያዎቹ የሚወጡት በዚሁ ሰዓት ገደማ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ማታ 3 ሰዓት ይወጣሉ፤ ጨዋታው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። የብሪቲሽ ኦፕን ግን ጠዋት 2:30 ገደማ ስለሚጀምር ትኬቱን ከዋዜማው መቁረጥ ይሻላል።

ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ውርርዱ የተከለከለ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፤ አሁን የሚቆረጠውን መጠን ከቤቱ ጠይቃችሁ ስሌታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በቤቱ የጎልፍ ደንብ ውስጥ አራት ነገር ፈልጉ፦ እኩል ሲወጣ ምን ይሆናል፣ ተጨማሪ ጉድጓድ ይቆጠራል ወይ፣ ያቋረጠ ተጫዋች እንዴት ይታያል፣ ውድድሩ በዝናብ ቢያጥርስ። የመጨረሻው ሩቅ ሊመስል ይችላል። በ2024 የፔብል ቢች ውድድር እሁዱ በአየር ጠባይ ተሰርዞ ዊንደም ክላርክ በ54 ጉድጓድ ውጤት አሸናፊ ተብሏል። በአብዛኛው ቤት ደንብ የአራተኛው ዙር ትኬት እንዲህ ሲሆን ይመለሳል፣ የሙሉ ውድድሩ ደግሞ በ54ቱ ይወሰናል። ደንቡን በጽሑፍ የማያሳይ ቤት ካጋጠማችሁ ኦዱ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ ጎልፍ አትቁረጡ።