የመኪና መግቢያ በር፦ አሮጌውን ማስጠገን ወይስ ሻተርና ስላይዲንግ መግዛት?

አዳማ ውስጥ ቤት የገዛ ወይ የወረሰ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው ነው። የመኪና መግቢያው በር ተበላሽቷል፣ ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው? መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። የድሮ ወፍራም ላሜራ ከሆነ አስጠግኑት። ወደ ላይ የሚጠቀለለውን ሻተር እርሱት። በሀዲድ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተተው ስላይዲንግም ቢሆን በሩ የሚከፈትበት ቦታ ከሌላችሁ ብቻ ነው።

በቅድሚያ ዋጋ። እኔ ለራሴ በር ስጠይቅ፣ ኮለኑን (በሩ የተንጠለጠለበትን ቋሚ) ማቃናት፣ ባለ ኩሽኔታ ማጠፊያ መቀየር፣ የበሰበሰውን የታች ክፍል ቆርጦ መተካትና ቀለም፣ ከነእጅ ዋጋው 14 ሺህ ብር ተባልኩ። በዚያው ስፋት አዲስ የላሜራ በር 90 ሺህ። ስላይዲንግ ከነሞተሩ የዚህን እጥፍ ሊጠጋ ነው። እናንተ ስትጠይቁ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ብረትና ሞተር ዋጋው አይጨበጥም። የጥገናና የአዲስ ልዩነት ግን ሰፊ እንደሆነ ነው።

«አዲስ ገዝቼ ልገላገል» የምትሉ፣ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። አልቀለድኩም። 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው 15.7 ኪሎ አካባቢ መምታት አለበት። 12 ኪሎ ተኩል ከመታ፣ በአንድ ሚሊ ዋጋ 0.8 ሸጡላችሁ ማለት ነው። በዓይን አይለይም፣ ቀለም ከተቀባ በኋላማ ጭራሽ። አንድ ጎረቤቴ የአባቱን በር ለቆራሌው በርካሽ ሸጦ አዲስ አሠራ። የነፋሱ ወር ሲመጣ ላሜራው መሃሉ እየገባና እየወጣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ከበሮ ሲመታ ያድራል። የሸጠው በር ምን ያህል እንደሚከብድ አራት ሰው ሆነን ስለጫንነው አውቃለሁ።

ወደ ጥገናው። በሩ መሬት ከጫረ ቶሎ ማጠፊያውን አትውቀሱ። ግማሽ ድረስ ክፈቱትና ልቀቁት። ብቻውን መሄድ ከጀመረ ኮለኑ አዘንብሏል፤ ባዘነበለ ኮለን ላይ አዲስ ማጠፊያ መበየድ ብር መጣል ነው። ባለበት ከቆመና ጫፉ ግን ከጫረ፣ ብዙ ጊዜ የተበላው የላይኛው ማጠፊያ ነው፣ ክብደቱ የሚጎትተው እሱን ስለሆነ። በያጁ ዝገቱን በግራይንደር ሳያጸዳ ኤሌክትሮድ ሊያስነካ ሲል አስቁሙት። እየተቆጣም ቢሆን ያጽዳ። ኩሽኔታ ስትገዙ ደግሞ በጣታችሁ አሽከርክሩት፣ ከተንኮሻኮሸ መልሱለት። ካርቶኑ ላይ ታዋቂ ስም መጻፉ ዋስትና አይደለም፤ የኮፒው ካርቶን ከኦሪጅናሉ ያምራል።

ስላይዲንግን የምጠላው በዋጋው ብቻ አይደለም። ከተማችን ዳር የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በጋውን ሙሉ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣና ሀዲዱ ውስጥ ይከምረዋል። ሮለሩ አሸዋ እየፈጨ ይሄዳል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ጥርሱ ፕላስቲክ ከሆነ ይላጫል። ቦርዱ ከተቃጠለ ደግሞ «ቦርድ ብቻውን የለም፣ ሙሉውን ሞተር ግዛ» ይሏችኋል። የግድ ከሆነ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚያስለቅቀውን ቁልፍ ሻጩ ፊት ሞክሩት።

ሻተር ለሱቅ ጥሩ ነው። ሰፊ የመኪና መግቢያ ላይ ግን ነፋስ ሲገፋው ይለጠጥና ከጎን ማስኬጃው ይወጣል፣ በተለይ ስስ የሆነው። ውስጡ ያለው ሞላ ተጠምዝዞ ነው የሚቀመጠው፤ ራሳችሁ እንዳትፈቱት፣ እጅ ይሰብራል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር። 4 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጠዋት የሚዘጋው መቀርቀሪያ ከሰዓት እንቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ጥቂት ሚሊ ክፍተት ይተውላችሁ፣ አለቀ።

ሐዋሳ ላላችሁ ምክሬ ትንሽ ይለያል። እህቴ ሐይቁ አጠገብ ነው የምትኖረው፤ እዚያ ጠላቱ አቧራ ሳይሆን እርጥበት ነው። በሩ ከታች ነው የሚበሰብሰው። የበሩ ፍሬም የሚሠራበት አራት ማዕዘን ቱቦ፣ አር ኤች ኤሱ፣ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ውሃ ገብቶ ይተኛበታል፣ ከላይ ስትቀቡት ከውስጥ ያልቃል። ታችኛውን ብረት ከሥሩ አስበሱት፣ ውሃው ይውጣ። ጋልቫናይዝድ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ብየዳው ዚንኩን ስለሚያቃጥለው ያ ቦታ በዚንክ ቀለም ካልተሸፈነ መጀመሪያ የሚዝገው እሱ ነው። መበስበሱ ከታች ከአንድ ስንዝር በላይ ከወጣ፣ እዚያስ እኔም እቀይረዋለሁ።

የሚቀየር ሌላም አለ። በቅርብ ተሠርተው የተሸጡ ቤቶች ላይ ያለው በር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ስስ ነው። እሱን እየበየዱ መኖር የበያጁን ልጆች ማስተማር ነው። የጫኑት ብረት እስኪቀደድ ተጠቀሙበትና በወፍራም ቀይሩት።

ክፍያ ላይ፣ ብረቱንና ማጠፊያውን ራሳችሁ ግዙ፣ ከበያጁ ጋር ለእጅ ብቻ ተስማሙ፣ ቀብድ ከግማሽ አይለፍ። ቀለሙን ከግንቦት በፊት አስጨርሱ፤ ክረምት ከገባ አንቲረስቱ (ዝገት የሚከላከለው የሥር ቀለም) ሳይደርቅ ዝናብ ይመታውና ለሁለተኛ ጊዜ ትከፍላላችሁ።