ቢትኮይን፣ ኤተር ወይስ ዩኤስዲቲ? ለሐዋሳ ገዢ የቀረበ ንጽጽር

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የዲዛይንና የኅትመት ሥራ የሚሠራ አንድ የሰፈሬ ልጅ በቅርቡ ስልኩን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ውጭ ያለው ደንበኛዬ በክሪፕቶ ልክፈልህ ይለኛል፤ በቢትኮይን ልቀበል፣ በኤተር ወይስ በዩኤስዲቲ?» ሲል ጠየቀኝ። ክሪፕቶ በኢንተርኔት ብቻ የሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ ነው፤ ሦስቱም የእሱ ዓይነቶች ናቸው። የነጋዴዎችን ሒሳብ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ማወቅ የሚፈልጉት የትኛው እንደሚጨምር ነው፤ ያንን እኔም ሆንሁ ሌላ ሰው ልንነግራቸው አንችልም። ልናወዳድር የምንችለው ግን ሌላ ሦስት ነገር አለ፦ ገንዘቡን ማን ሊያግደው፣ ደንቡንስ ማን ሊለውጠው ይችላል? ነገር ቢበላሽ በሕግ ፊት አቤት የምንለው ለማን ነው? ከላኪው እጅ ወጥቶ በብር ኪሳችን እስኪገባ ድረስስ በጠቅላላው ስንት ይቆረጥበታል? ሦስቱንም አሟልቶ የሚመልስ አንድም የክሪፕቶ ዓይነት እስካሁን አላየሁም፤ ስለዚህ ገዢው የሚመርጠው የትኛውን ጉድለት መሸከም እንደሚችል ነው።

ሕጉ ሁሉንም እኩል ስለሚነካ አስቀድሜ ላንሣው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ገንዘብ ብር መሆኑንና ባንኩ ሳይፈቅድ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ አገልግሎትና በማይኒንግ (በኮምፒውተር ኃይል ግብይት እያረጋገጡ አዲስ ሳንቲም በማግኘት ሥራ) የተሰማሩ ወገኖች እንዲመዘገቡ ጠርቷል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ለቢትኮይን ማይነሮች ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። ብዙ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ «ማይኒንጉ ከተፈቀደ መገበያየቱም ተፈቅዷል» ብለው ይደመድማሉ፤ ድምዳሜው ስህተት ነው፤ ለማይነር ኤሌክትሪክ መሸጥና በክሪፕቶ ዕቃ መግዛት በሕግ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በብር ክሪፕቶ የሚሸጥና ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሰጥቶ የሚቆጣጠረው መገበያያ ስለሌለ፣ የሐዋሳ ሰው የሚገዛውም የሚሸጠውም በአብዛኛው ፒ ቱ ፒ በሚባለው መንገድ፣ ከማያውቀው ግለሰብ ጋር በባንክ ሒሳብ ብር እየተላላከ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ማይካ የተባለውን የክሪፕቶ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2024 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ አውሏል፤ አሜሪካም በሐምሌ 2025 በዶላር ላይ ለተመሠረቱ ስቴብልኮይኖች (እንደ ዩኤስዲቲ ዋጋቸው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን ለተሠሩ ሳንቲሞች) ሕግ አውጥታለች። እነዚህ ሕጎች ሳንቲም አውጪዎቹን ኩባንያዎች ሥርዓት ያስይዙ ይሆናል፤ ታቦር ሥር ተቀምጦ ከአንድ ያልታወቀ ሻጭ ጋር ለተጣላ ገዢ ግን አይደርሱለትም።

ክሪፕቶ ያልተማከለ፣ ማለትም በአንድ አካል የማይመራ፣ ስለመሆኑ ብዙ ይነገራል፤ ትርጉሙ የሚገባው ግን ጭቅጭቅ በተነሣ ጊዜ ማን እንዳሸነፈ ሲታይ ነው። ቢትኮይንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ከ50 የሚበልጡ የዘርፉ ኩባንያዎችና የማይኒንጉን አብላጫ ኃይል የያዙ ማይነሮች ተሰብስበው የአንድን ብሎክ (በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ የግብይት ጥቅል) መጠን በእጥፍ ለማሳደግ ተስማሙ። ገንዘቡም ማሽኑም በእነሱ እጅ ነበር። ሆኖም በየቤታቸው የቢትኮይንን ሶፍትዌር የሚያንቀሳቅሱ ተራ ተጠቃሚዎችና ፕሮግራመሮች አንቀበልም ስላሉ ዕቅዱ በኅዳር ወር ተሰረዘ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቢትኮይን አይኖርም የሚለው ቃል የሚታመነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኃይለኛ የሆነ ወገን ብቻውን ሊለውጠው ሞክሮ እንደማይሳካለት ታይቷል። ይህን ስል እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ትልልቅ የማይነር ማኅበራት ብዙውን ጊዜ የዓለሙን የማይኒንግ ኃይል ግማሽ ገደማ ይይዛሉና ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ኤተር የሚንቀሳቀስበት ኔትወርክ፣ ኢትርየም፣ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የተለየ ፈተና ገጥሞታል። ዳኦ ይባል ከነበረ የጋራ ፈንድ ሌባ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኤተር ሲወስድ፣ አብዛኛው ማኅበረሰብ የግብይት መዝገቡን አስተካክሎ ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መለሰ፤ ያልተስማሙት ኢትርየም ክላሲክ ብለው በአሮጌው መዝገብ ቀጠሉ። ይህን ውሳኔ በፍትሕ በኩል አይቶ የሚያመሰግን አለ፤ እኔም የተዘረፉትን ሰዎች አስቤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ገዢው ሊያውቀው የሚገባው በቂ ስምምነት ከተገኘ መዝገቡ ሊታረም እንደሚችል ነው። ኢትርየም ከመስከረም 2022 ጀምሮ ማይኒንግን ትቶ፣ 32 ኤተር እያስያዙ ግብይት በሚያረጋግጡ ሰዎች ላይ ተመሥርቷል፤ በዚህም የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ዩኤስዲቲ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁ። ዩኤስዲቲ ቴዘር የተባለ ኩባንያ «ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ዶላር የሚያወጣ ንብረት ይዣለሁ» ብሎ የሚሰጠው የተስፋ ቃል ነው። ኩባንያው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ጥያቄ የአንድን አድራሻ (እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚያገለግል) ገንዘብ ማገድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አድርጎታል። ከመጠባበቂያ ንብረቱ ጋር በተያያዘ አሳሳች መግለጫ ሰጥቷል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 41 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሳንቲሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፍበት ትሮን የተባለ ኔትወርክም በድምጽ በሚመረጡ 27 አረጋጋጮች የሚመራ ነው። እነዚህ 27ቱ በነሐሴ 2025 በድምጽ ውሳኔ የኔትወርኩን የክፍያ ተመን ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ለላኪው ደስ የሚል ዜና ነው፤ በድምጽ የወረደ ተመን ግን በድምጽ ይወጣል። የቢትኮይንን የ2017 ጭቅጭቅ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ይረዳል።

ወደ ወጪው ልምጣ። የቢትኮይን ክፍያ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ከሚወስድ ባጃጅ ጋር ይመሳሰላል፤ ባለ ባጃጁ የሚያስከፍለው ለያዙት ቦታ ነው፤ በኪስዎ ስንት ብር እንዳለ አይጠይቅም። አንድ ተራ የቢትኮይን ዝውውር 140 ባይት ገደማ ቦታ ይይዛል እንበል። ኔትወርኩ ጸጥ ሲል በባይት 5 ሳቶሺ (ሳቶሺ የአንድ ቢትኮይን መቶ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው) ቢከፈል 700 ሳቶሺ ይሆናል፤ አንድ ቢትኮይን 100,000 ዶላር ነው ብለን ብናሰላ 70 የዶላር ሳንቲም ማለት ነው። ሰልፉ ረዝሞ በባይት 500 ሳቶሺ ከተጠየቀ ግን ያው ዝውውር 70 ዶላር ያስወጣል። ይህ የፈጠራ ሥጋት አይደለም፤ ለማይነሮች የሚሰጠው አዲስ ቢትኮይን በግማሽ በተቀነሰበት በሚያዝያ 20 ቀን 2024 አማካይ ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። እንግዲህ 5,000 ዶላር ለሚልክ ሰው 70 ሳንቲም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ በየሳምንቱ 20 ዶላር ለሚቀበል ተማሪ ግን ከገቢው 3.5 በመቶ ነው፤ ያም ኔትወርኩ ጸጥ ባለበት ሳምንት ነው።

ኤተርን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመላክ 21,000 አሐድ ጋዝ (የኔትወርኩ የሥራ መለኪያ) ያስፈልጋል። የአንዱ አሐድ ዋጋ 2 ግዌ (ግዌ የኤተር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው)፣ ኤተርም 3,000 ዶላር ቢሆን ወጪው 13 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ጋዙ ወደ 100 ግዌ ሲወጣ ከ6 ዶላር ያልፋል። ዩኤስዲቲን በኢትርየም መላክ ደግሞ ተራ ኤተር ከመላክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ጋዝ ይበላል፤ ስለዚህ ነው ሰው ሁሉ ወደ ትሮን የሄደው። በትሮን ላይ ግን ጥቂቶች የሚያስተውሉት አንድ ነገር አለ፦ ዩኤስዲቲ ይዞ ወደማያውቅ አዲስ አድራሻ መላክ፣ ቀድሞ ወደያዘ አድራሻ ከመላክ እጥፍ ያስከፍላል። ክፍያውም የሚቆረጠው ከዩኤስዲቲው ሳይሆን ትሮን ከተባለው ከራሱ ሳንቲም ነው። በዋሌቱ (ክሪፕቶውን በሚይዝበት የስልክ መተግበሪያ) 50 ዩኤስዲቲ ይዞ አንዲት ትሮን ስለሌለው ብቻ ማንቀሳቀስ አቅቶት የመጣ ሰው አጋጥሞኛል።

ይህ ሁሉ ስለ ኔትወርኩ ነው። ለሐዋሳ ገዢ ትልቁ ወጪ ያለው ግን በሩ ላይ፣ ክሪፕቶው ወደ ብር በሚለወጥበት ቦታ ነው። ያ የሰፈሬ ልጅ ስልኩን ሲያሳየኝ፣ በፒ ቱ ፒ ገበያው ላይ የገዢዎችና የሻጮች ዋጋ ጎን ለጎን ተደርድሮ ነበር። ጣቴን በሁለቱ ዋጋዎች ላይ እያሳረፍሁ ልዩነቱን አስላሁለት፤ ልዩነቱ 3 በመቶ ቢሆን እንኳ ከ100 ዶላር 3 ዶላር እዚያው ይቀራል፤ እሱ ግን ሲጨነቅ የነበረው ስለ አንዲት ዶላር የኔትወርክ ክፍያ ነው። ከዋጋው ልዩነት የሚብሰው ደግሞ አይታይም። ብሩን የላከልህ ሰው ከተጭበረበረ ሒሳብ የላከው ከሆነ፣ አቤቱታ ሲቀርብ የሚታገደው ያንተ የባንክ ሒሳብ ነው። አንድ የማውቀው ነጋዴ እንዲህ ባለ ጉዳይ ሒሳቡ ታግዶበት ለሳምንታት ተንከራቷል፤ ዕቃ ያመጣበት የነበረው ብርም በዚያው ሒሳብ ውስጥ ነበረ። ባንኩም ሆነ መገበያያው አላጠፋም፤ ነጋዴው ግን ማስረዳት የነበረበት በሕግ ያልተፈቀደ ግብይት ስለነበረ አንደበቱ ታስሮ ቀረ።

ከዚህ ጋር ባንክን ማወዳደር ግድ ነው። ከሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ያለው ዋጋ እጅግ ይርቅ ስለነበር ሰው ከባንክ መሸሹ ያስኬድ ነበር። ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የቀድሞው የባንክ ሽሽት ምክንያት በእጅጉ ጠቧል። በሕጋዊ የሐዋላ ድርጅት ገንዘብ መላክ በዓለም አቀፍ አማካይ ከ6 በመቶ በላይ ያስወጣል፤ ብዙ ነው። ነገር ግን ደረሰኝ አለው፣ የጠፋ ገንዘብ ይጠየቅበታል፣ ተቀባዩም በር ላይ ሌላ 3 በመቶ አይከፍልም። አንዲት ልጅ ከአሜሪካ ወይም ከዐረብ አገር ለእናቷ የምትልከውን ወርኃዊ ወጪ በክሪፕቶ እንዲሆን የሚመክር ሰው ሲገጥመኝ አልስማማም፤ እማማ ስልካቸው ላይ 34 ፊደልና ቁጥር ያለበትን የትሮን አድራሻ አይተው የሚያረጋግጡበት መንገድ የለም፤ አንድ ጊዜ የተላከ ገንዘብም አይመለስም።

ክሪፕቶው የት እንደሚቀመጥ በመናገር ብዙ አልቆይም። ገንዘብን መገበያያ ድርጅት ዘንድ መተው ለመጠቀም ይቀልላል፤ ነገር ግን ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ መገበያያ በኅዳር 2022 ሲወድቅ ደንበኞቹ በስልካቸው የሚያዩት ቁጥር ብቻ እንደነበር ታውቋል። በራስ ዋሌት መያዝ የሚበጀው የዋሌቱ ቁልፍ የሆኑትን 12 ወይም 24 ቃላት በወረቀት ጽፎ ከእሳትና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ ለሚችል ሰው ነው። ቃላቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለራሱ የሚልክ ሰው ገንዘቡን መገበያያው ዘንድ ቢተወው ይሻለዋል፤ ከልቤ ነው የምለው።

እንግዲህ የትኛውን? ለዓመታት የማይነካውን፣ ቢጠፋም ቤቱን የማያናጋውን ገንዘብ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ቢትኮይንን ቢመርጥ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ማንም ብቻውን ደንቡን አይለውጥበትም፤ በዋጋው መዋዠቅ ግን እንቅልፍ ያጣል። እንዲህ ያለው ሰው በትንሽ በትንሹ ወደ ዋሌቱ ከሚያወጣ አጠራቅሞ አንድ ጊዜ ያውጣ። ኤተርን የምመክረው በኢትርየም ላይ የተሠሩ አገልግሎቶችን ለሚጠቀም ሰው ብቻ ነው። ዩኤስዲቲ ለአጭር ጊዜ መሸጋገሪያ ይሆናል፤ ዋጋው ከአንድ ዶላር ብዙ አይርቅም፣ በትሮን መላኩም ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቴዘር ሊያግደው የሚችለውን ገንዘብ የዓመት ቁጠባ ማድረግ አልደግፍም። ሦስቱም ላይ የብሔራዊ ባንክ ማሳሰቢያ እንዳለ ይቆያል።

ለሰፈሬ ልጅ የነገርሁት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ደንበኛው በባንክ መክፈል ይችል እንደሆነ እንዲጠይቀው ነው። ዲዛይን ወደ ውጭ መሸጥ የተከበረ ሥራ ነው፤ ገቢው በባንክ ቢገባ ነገ ብድር ሲጠይቅ ማስረጃ ይሆነዋል። ልጁ እዚያው ፊቴ መልእክቱን ጻፈ። ደንበኛው በማግሥቱ መለሰ፦ በባንክ ይችላል፣ የማስተላለፊያውን ወጪ ግን ለሁለት እንካፈል ብሏል። ልጁም ወጪውን በሒሳብ መዝገቡ ላይ በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፈው ሊጠይቀኝ ተመልሶ መጣ።